«ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» ለሚል ወንድም

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የታናሽ ወንድሜ ነገር አስጨንቆኝ ነው። ዕድሜው 29 ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ይቅማል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ ብለው አረቄ ቤት ይገባሉ። እንዲህ መኖር ከጀመረ ዓመታት ሆኑት። ዓምና መስከረም ላይ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ በእመቤታችን ስም አስማለችው፤ የንስሐ አባታችንም ገዘቱት። ሰባት ወር ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም። ቤታችን ሰላም ገባ። ለፋሲካ አንድ ዘመድ ‹አንዷ ምን ታደርግሃለች› ብሎ መለኪያ አስጨበጠው። ከዚያች ቀን ወዲህ ከበፊቱ ብሶበታል። ስናናግረው ‹በእመቤቴ ስም ምዬ ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?› ነው መልሱ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለፍ አቁሟል። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲኒ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው፣ አንድ ሁለት መለኪያ ሲጨምርበት ነው የሚረጋው።

እማዬ ጠበል ወስዳ ሱባኤ ልታስገባው ቆርጣለች። የአባታችን ወንድም ሙስሊም ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ‹ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ወዳጃ ይደረግለት፣ ሼሁ ዱዓ ያድርጉለት› ይላሉ። እኔ ‹ሐኪም ወይ የሥነ ልቦና አማካሪ ይየው› ብል እምነት ጎደለሽ ተባልኩ። የቱ ይሻላል? ደግሞ በጥር የአክስታችን ልጅ ሠርግ አለ። ይምጣ ወይስ ይቅር?

እህቱ ነኝ፣ ከደሴ»

እታለም፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የቱ ይሻላል ወደሚለው ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ እጁ እንነጋገር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲጠጣ ደግሞ የሚረጋ ሰው፣ ሰውነቱ ካለ አልኮል መዋል አቅቶታል ማለት ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎል ደግሞ ድንዛዜውን ለመቋቋም ሲል ለዓመታት ከልኩ በላይ ተቀስቅሶ መሥራት ይለምዳል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ያ የተቀሰቀሰ አንጎል የሚያረጋው ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ አንዳንዱ ሰው ላይ የከፋው ይከተላል። ቀንና ሌሊት ይምታታበታል። የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይጮኻል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ይህ በጊዜ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ጫትም ሆነ ሲጋራ ያቆመ ሰው ይጨነቃል፣ ይነጫነጫል እንጂ በማቆሙ ብቻ አይሞትም። አረቄ ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን እማዬ ያሰበችውን ሱባኤ በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺው። ወንድምሽ መጠጡን በአንድ ቀን ይተዋል። ይጾማል። በብርድ ጠዋት ጠበል ይረጫል። በ3ኛው ቀን መጮኽና የሌለ ነገር ማየት ቢጀምር በዙሪያው ያለው ሰው ምን ይላል? «መንፈሱ ጮኸ» ይላል። ይይዙታል፣ ጠበሉን ይጨምሩበታል፣ ጾሙን ያጠብቁበታል። ያ ሰዓት ግን በመኪና ወደ ሆስፒታል የሚበረርበት ሰዓት ነበር። መንፈስ የለም እያልኩሽ አይደለም፤ በዚያ ላይ የመናገር ሥልጣን የለኝም። የምልሽ ይህን ነው፦ አልኮል በድንገት ያቋረጠ ሰው የሚያሳየውን ነገር ቆሞ የሚያይ ሰው በዓይኑ ብቻ ሊለየው አይችልም። አስቀድሞ ሐኪም ያየው ሰው ከሆነ ግን ያ ጥርጣሬ አይኖርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው በር ሆስፒታል ነው። ሪፈራል እያልን የምንጠራው የደሴው ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄዱ እውነቱን ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ያውቅ እንደሆነ ተናገሩ። ብዙ ቤተሰብ አፍሮ «ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል» ይላል፤ ሐኪሙም የሰማውን ይዞ ያክማል፣ ጉዳቱ የልጁ ይሆናል። ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። የሚያረጋጋ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ይሰጡታል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያቋርጡታል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡታል። ብዙ የሚጠጣና በደንብ የማይበላ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ እጥረቱ ደግሞ የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በባዶ ሆድ ሱባኤ የምፈራውም ለዚህ ጭምር ነው።

ሁለት ነገር አደራ። የሚያረጋጋውን መድኃኒት ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሐኪም እስኪያየው ድረስ «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አትቀምስም» ብላችሁ በር እንዳትዘጉበት። ለእህት ጆሮ የሚከብድ ምክር እንደሆነ ይገባኛል። ግን በሐኪም እጅ ሆኖ ማቆምና ተቆልፎበት ማቆም የሕይወትና የሞት ልዩነት አለው።

አሁን ወደ እማዬ። እባክሽ እማዬን አትጋፊያት። ያን ሰባት ወር ያመጣችው እርሷ ናት። ክሊኒክም፣ አማካሪም፣ አንቺም ያላደረጋችሁትን እርሷ በእምነቷ አድርጋዋለች። «ጠበሉ ይቅር» ካልሻት ከእርሷ ጋር ብቻ ሳይሆን ለልጇ ካላት ተስፋ ጋር ነው የምትጣይው። «እማዬ፣ ጠበሉ አይቀርም፤ ቀኑ ትንሽ ይገፋ። ሐኪሙ ሲለቀው እኔው ራሴ አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት። እምነት ጎደለሽ ካለችሽም መልሱ ከራሷ መጽሐፍ አለ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። የቅርቡን ካልሽ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እንጦጦ ጠበል ላይ ለነበሩ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ነግረዋቸዋል። በዚያን ጊዜ ጠበሉን መርጠው መድኃኒቱን የጣሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እማዬ ያን ጊዜ በደንብ ታስታውሰው ይሆናል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። «ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» የሚለው። የወንድምሽ ትልቁ ቁስል ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መሐላውና ግዝቱ ሠርተዋል፤ ሰባት ወር ቀላል አይደለም። የሠሩትም እርሱ ከራሱ በላይ የሚወደውን ስም ስለያዙ ነው። ሰው ለራሱ ሲል የማይተወውን ነገር ለእመቤታችን ሲል ይተዋል። የእምነት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ መሐላ ሁለት ወገን ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ወይ ጠብቀሃል ወይ አፍርሰሃል። አንድ መለኪያም ሆነ አንድ ጠርሙስ ለመሐላው እኩል ነው። ስለዚህ በፋሲካ አንዷን ሲቀምስ ሰባቱ ወር በሙሉ በአንድ ጉንጭ የጠፋ መሰለው። የጠፋ ነገር አይጠበቅምና ለቀቀው።

በሱስ ሕክምና ይህ ነገር በደንብ ይታወቃል። አላን ማርላት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፈውበታል። አንድ ሰው ጨርሶ ላይነካ ወስኖ ሳለ አንዴ ቢሰናከል፣ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው የጠጣው መጠን ብቻ አይደለም፤ ስለዚያች መሰናከል ለራሱ የሚናገረው ነገርም ጭምር ነው። «ተሳሳትኩ» ያለ ሰው በማግሥቱ ሊነሣ ይችላል። «እኔ ድሮም የማልረባ ነኝ» ያለ ሰው ግን ሁለተኛውን ይቀዳል። ስለዚህ አማካሪዎች ሰውየው ከመውደቁ በፊት ቁጭ ብለው ያነጋግሩታል። ከወደቅህ የመጀመሪያውን ሰዓት ምን ታደርጋለህ፣ ለማን ትደውላለህ፣ የት ትሄዳለህ ይሉታል። ለወንድምሽ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መሐላውን ሰጡት፤ የመመለሻውን መንገድ ግን አላሳዩትም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ያ መንገድ በሃይማኖቱ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ መሆኑ ነው። ንስሐ ለምን ተሠራ? ላልወደቀ ሰው አይደለም። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣልም ይላል። ልብ በዪ፣ የወደቀውን ሰው ጻድቅ ብሎ ነው የሚጠራው። እኛ ቤተሰቦች ከሃይማኖት ውስጥ ማሰሪያውን ቶሎ እናነሣለን፤ ገዝቱልን፣ አስምሉልን እንላለን። ለሱሰኛ ግን የሚበልጠው የሃይማኖት ስጦታ መመለስን ማስተማሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ለወንድምሽ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ከሆስፒታሉ ቀጥሎ የምትሄጂው ወደ ንስሐ አባታችሁ ነው። ብቻሽን ሂጂና ሁኔታውን ንገሪያቸው። የገዘቱት እርሳቸው ናቸው፤ ግዝቱን የሚፈቱለትም እርሳቸው ናቸው። ወንድምሽ በደጃፉ አላልፍም ካለ እርሳቸው ወደ ቤት ይምጡለት። ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው፤ እማዬ ከጎናቸው ቁጭ ብላ አታልቅስ፣ ለሁለቱ ብቻ ተዉላቸው። ከሁሉ በፊት «ተፈትተሃል» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ይስማ። ከዚያ በኋላ ሌላ መሐላ አታስምሉት። በዚህ ላይ ጠንከር በይ፤ እማዬ መልሳ መጠየቋ አይቀርምና። በመሐላው ፈንታ ትንሽ የየዕለት ቀኖና ይስጡት። በጠዋት ተነሥቶ የሚጸልየው አጭር ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ስግደት ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸው ያውቁበታል። እንዲህም ይበሉት፦ «በምትወድቅበት ቀን ማግሥት፣ ሳትታጠብም ቢሆን፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ና።» አንድ ቄስ ይህን ለአንድ ሰካራም ከልባቸው ሲሉት ማየት ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጥያቄ አንቺ ራስሽ ጠይቂው። «ምን ቀረኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ መኖር ሰልችቶት ነው እንዲህ የሚለው። እርሱ ሳይጠጣ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «መሞት ትመኛለህ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው በማግኘቱ ይቀለዋል። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወደ አጎታችሁ እንምጣ። አጎታችሁ የወንድማቸውን ልጅ ሲወዱ የሚያውቁትን መንገድ ነው ያመጡት፤ ደግሞም ወሎ ነውና አንድ ልጅ ጠበልም ዱዓም ቢደረግለት ማንም አይደነቅም። ዱዓው ይደረግ። ግን ወዳጃ ላይ ብዙ ጊዜ ጫት አለ። የወንድምሽ አረቄ ደግሞ የሚጀምረው ከጫቱ ነው። ከሥራ ወጥቶ ይቅማል፣ ይመረቅናል፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። ስለዚህ አረቄውን ብቻ ቢተውና በርጫው ቢቀጥል ያቺ የማታ ሰዓት መልሳ ትጠራዋለች። ሁለቱ አብረው መቆም አለባቸው። ጫቱን ሲተው ለጥቂት ቀናት ይደብተዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይመጣበታል። ያልፋል። ሐኪሙ ግን ስለ ጫቱም ማወቅ አለበት፤ ድብርቱ ከበረታ የሚታከም ነገር ነው።

አጎታችሁን በአክብሮት አነጋግሪያቸው። «አባባ፣ ዱዓው ይደረግ፤ ግን ለእርሱ ሲባል ጫት የሌለበት የቡና ዱዓ ይሁን» በያቸው። ዱዓው በቡና፣ በቆሎና በዕጣን ምን ይጎድለዋል? እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሼሁም ከሚያውቁት ሁለት ነገር ለቤተሰቡ እንዲናገሩ ለምኚልኝ። አንደኛው በቡኻሪ የተመዘገበው ሐዲስ ነው። እየጠጣ በተደጋጋሚ ለቅጣት የሚቀርብ ሰው ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ነቢዩ አትርገሙት፣ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ አውቃለሁ አሉ። ቅጣቱ አልቀረም፤ እርግማኑን ግን ከለከሉ። የሚጠጣ ሰው እምነት እንዳለው መመስከር ለእኛ ለቤተሰቦች ምን ያህል ይከብደናል! ሁለተኛው የክልከላው አወራረድ ነው። ቁርኣን መጠጥን የከለከለው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክራችሁ ወደ ሶላት አትቅረቡ ተባለ፤ በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳ ጨርሶ ተከለከለ። ይህ ዛሬ ቀስ እያላችሁ ጠጡ የሚል ፈቃድ አይደለም፤ ሼሁም እንዲያ አይሉም። የሰው ልብ በአንድ ሌሊት እንደማይዞር ግን ያሳያል።

አሁን ደግሞ አንቺ ያሰብሽው አማካሪ። መንፈሳዊ ትምህርትና የሱስ ምክር ከተገናኙ ቆይተዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ሰዎች ነበሩ። ዊልሰን መጠጡን ትቶ ነበር፤ ለንግድ ሄዶ ነገሩ ሳይሳካለት ሲቀር አምሮቱ ተነሣበት። ያን ጊዜ ሌላ ጠጪ ፈልጎ ማነጋገር እንዳለበት ገባው። ከዚያ ጭውውት ነው ዛሬ በብዙ አገር ያለው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር የተወለደው። በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው 12 ደረጃዎች ውስጥ ከፈጣሪ እርዳታ መለመን አለ፣ ጥፋትን ለሌላ ሰው መናዘዝ አለ፣ የበደሉትን ሰው መካስ አለ፣ በመጨረሻም ሌላውን ጠጪ መርዳት አለ። ለእኛ አዲስ ነው? ንስሐውም፣ ካሳውም፣ ተውበቱም በየቤታችን ያለ ነው።

ይህ መንገድ ተመዝኗልም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አንድ ላይ አየ። ባለሙያዎች በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር ካስገቧቸው ሰዎች መካከል ከ100 ወደ 42 የሚሆኑት ከዓመት በኋላ ሳይጠጡ ተገኙ። በሌሎች የታወቁ የምክር ዓይነቶች ከታከሙት ደግሞ 35 ያህሉ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰው ነው፤ አብሮህ የሚቀመጥ፣ ማታ የምትደውልለት፣ ያለፈበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው። ጸሎት ብቻውን በተዘጋ ክፍል የሚያደርገውን መለካት አልችልም። ጸሎት ሰውን ከሰው ጋር ሲያገናኝ ግን ጥቅሙ ይታያል።

ወንድምሽን በዚህ በኩል አስቢው። ጓደኞቹ በሙሉ የበርጫ ጓደኞች ናቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገብቶ፣ ሲሠራ ውሎ ሲወጣ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። «አትሂድ» ብትይው ወዴት ይሂድ? ያቺ ከሥራ የሚወጣባት ሰዓት ባዶ ከሆነች ሐራራው ይሞላታል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቺን ሰዓት የሚይዝ ሰው ፈልጉ። ከአጥቢያው አረቄ የተወ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የንስሐ አባታችሁ ያውቁታል። አጎታችሁም ከሥራ መውጫው ላይ ጠብቀውት አብረው ወደ ደሴ ቢመለሱ ከማንኛውም ወዳጃ አይተናነስም። ደሴ ሲደርስ ደግሞ ብርዱ ሰበብ ይሆንበታልና ቤት ውስጥ ትኩስ ነገር ይጠብቀው። እናንተ ቤት የጽዋ ማኅበር ሲወጣም ጠላው ከፊቱ አይቀመጥ፤ ለእርሱ አብሽ ይዘጋጅለት፣ ሌሎቹም ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት አብሽ ይጠጡ።

አማካሪ ስትፈልጉ እምነቱን የሚያከብር ሰው ፈልጉ። ጥሩ አማካሪ «ምን ታምናለህ? እምነትህ በዚህ ነገር ይረዳሃል ወይስ ይከብድሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አይሰብክም፣ አይንቅም። ሱሱ የእምነት ማነስ ነው የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ጸሎት የኋላ ቀርነት ነው የሚለውንም እንደዚያው። መድኃኒቱን ጣል የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ እማዬ ብትቆጣም፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ።

አንቺስ? ስለ ራስሽ አንድ መስመር አልጻፍሽም። አብሽሪ። ጥሬ ብር አትስጪው፤ ምሳ ግዢለት፣ ትራንስፖርቱን ራስሽ ክፈዪለት። ማታ በር ላይ ቆመሽ የመጠበቁን ነገር ከእማዬ ጋር ተራ ተካፈሉት። ለአንቺም የምትተነፍሽለት ሰው ይኑር፤ አማካሪው ጋ ስትሄዱ ለራስሽም ሰዓት ጠይቂ።

ስለ ሠርጉ። ጥር እስኪደርስ በሐኪም እጅ አቁሞ፣ ረግቶ፣ ሳምንታት ካለፉት ለጋብቻው ሥነ ሥርዓትና ለምሳው ይምጣ። ሙሽራው ወገኑ ነው፤ ተለይቶ መቅረቱም ሌላ እፍረት ይሆንበታል። ግን ብቻውን አይምጣ። አጎታችሁ አይጠጡምና ከጎናቸው ይቀመጥ፣ ብርጭቆው መጀመሪያውኑ በለስላሳ ይሞላ፣ ጭፈራው ሳይደምቅ በፊት አብረው ይውጡ። ለፋሲካ መለኪያ ያስጨበጠውን ዘመድ አስቀድመሽ አንቺ አነጋግሪው፤ ሳትሰድቢው፣ የሆነውን ብቻ ንገሪው። ሠርጉ ሲደርስ ካቆመ ገና ሳምንቱ ከሆነ ወይም እርሱ ራሱ «እፈራለሁ» ካለሽ ይቅር። ስጦታውን አንቺ ይዘሽለት ሂጂ፤ ሙሽሮቹንም ከሠርጉ በኋላ ቤታችሁ ቡና ጥሯቸው፣ እዚያ ይመርቃቸው።